ከሰማንያ ዓመት በኋላ ዳሌና ጉልበት ማስቀየር፦ ውሳኔው የማን ነው?

ፔታህ ቲክቫ ውስጥ እንዲህ ተሰብስበን ስለ አረጋውያን ጤና በአማርኛ እንድንነጋገር ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ በከዘራ፣ በልጅ ወይም በልጅ ልጅ ትከሻ ተደግፋችሁ የመጣችሁትን አመሰግናለሁ፤ የዛሬው ነገር የእናንተ ነውና።

የምናገረው ስለ አንድ ጥያቄ ነው። ሰማንያን፣ ሰማንያ አምስትን፣ ዘጠናን ላለፈ ሰው ያለቀ ዳሌ ወይም ጉልበት በቀዶ ሕክምና አውጥቶ በሰው ሠራሽ መተካት ተገቢ ነው ወይ? እኔ ቀዶ ሐኪም አይደለሁም። በማገገሚያ ሥራ ላይ ያለሁ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ከቀዶው በኋላ አረጋውያኑን ከአልጋ አንሥተን የመጀመሪያዋን እርምጃ የምናስረግጣቸው እኔና ባልደረቦቼ ነን። ስለዚህ የሚድኑትንም የሚጎዱትንም አያለሁ። አቋሜን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ዕድሜ ብቻውን የመከልከያ ምክንያት መሆን የለበትም። ሕክምናው ሲቀርብ ግን ለራሳቸው ለአረጋዊው፣ በሚሰሙት ቋንቋ፣ ጥቅሙም ጉዳቱም ሳይሸሸግ መቅረብ አለበት። በመጀመሪያ ስለ ገንዘቡና ስለ ፍትሑ፣ ቀጥሎ ስለ ቀዶው ራሱ፣ በመጨረሻም እኛን ብቻ ስለሚመለከተው ነገር እናገራለሁ፤ የሚበዛው ጊዜ በመጨረሻው ላይ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ጀርመን ውስጥ አንድ ነገር ተነገረ። ፊሊፕ ሚስፌልደር የሚባል፣ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ፣ የክርስቲያን ዴሞክራቶች ፓርቲ የወጣቶች ክንፍ መሪ፣ ሰማንያ አምስት ዓመት የሞላው ሰው በጋራ መድን ገንዘብ ሰው ሠራሽ ዳሌ ማግኘቱን እንደማይደግፍ ለጋዜጣ ተናገረ። ድሮ ሰው በምርኩዝ ይሄድ ነበር የሚልም ጨመረበት። አገሩ በቁጣ ተነሣ። ከጦርነቱ ፍርስራሽ ጀርመንን መልሰው የገነቧት እነዚያው አረጋውያን ነበሩና ከራሱ ፓርቲ ሳይቀር ተግሣጽ ደረሰበት። ወጣቱ የተናገረውን ግን ብዙ ሰው በሆዱ ይዞት ይኖራል፤ ከአረጋውያን አፍም እሰማዋለሁ። «ከእንግዲህ ምን ቀረኝ? ለወጣት ይሁን» ይሉኛል።

ይህን በእርጋታ እንመርምረው። መራመድ ያቃተው ሰው ወጪ የሌለበት ሰው አይደለም። ተንከባካቢ ያስፈልገዋል፤ ይወድቃል፤ ሆስፒታል ይመላለሳል፤ ለሥቃዩ የሚውጠው መድኃኒት ጨጓራውንና ኩላሊቱን ይጎዳዋል። በየቤታችን ደግሞ የሥራ ሰዓቷን ቀንሳ እናቷን የምታነሣና የምታስተኛ ሴት ልጅ አለች። ቀዶው ሲቀር ወጪው ከመድን ድርጅቱ መዝገብ ወጥቶ ወደ እሷ ትከሻ ይዛወራል። እንዲህ ያለውን ቁጠባ ቁጠባ ለማለት እቸገራለሁ።

በዚህ ክርክር ውስጥ ጠንካራ ከሚባሉት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ፈላስፋ ዳንኤል ካላሃን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው የተፈጥሮ ዕድሜውን ከኖረ በኋላ ኅብረተሰቡ ሞትን ለማራቅ ብቻ የሚደረግ ውድ ሕክምና ሊገድብ ይገባል ብሎ ተከራከረ። ብዙዎች ተቃወሙት። ነገር ግን እሱ እንኳ ሥቃይን የሚያስታግስና ሰውን በክብር የሚያኖር ሕክምና ይቅር አላለም። ያለቀ ዳሌ መቀየር ዕድሜ ለመቀጠል የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ቀሪው ዕድሜ ያለ ሥቃይ እንዲኖር ነው። ስለዚህ ለአረጋውያን ሕክምና ገደብ ይበጅ የሚለውን ሰው ብንቀበለው እንኳ ድንበሩ እዚህ ላይ አያርፍም።

ከዚህ የሚከብደው የባራክ ኦባማ አያት ነገር ነው። ኦባማ ፕሬዚዳንት በሆነበት በ2009 ራሱ ለጋዜጠኛ ተናግሮታል። ያሳደጉት አያቱ የማይድን ካንሰር እንዳለባቸው ከተነገራቸው በኋላ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ዳሌው ተቀየረላቸው፤ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ግን ዐረፉ። ከኪሱም ቢሆን ይከፍል እንደነበር፣ ነገር ግን በእንዲህ ያለ ሁኔታ ላይ ላለ ሰው ሁሉ ኅብረተሰቡ ይህን ያድርግ ወይ የሚለው ከባድ ጥያቄ መሆኑን ተናገረ። ልብ በሉ፤ በዚያ ታሪክ ውስጥ ጥያቄውን ያመጣው ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው አይደለም፤ አብሯቸው የነበረው በሽታ ነው። ሁለቱን ሳንለይ ስንቀር ነው ጤነኛውን የሰማንያ ስድስት ዓመት ሰው የምንበድለው።

እዚህ እስራኤል ውስጥ ከ1995 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የጤና መድን ሕግ ነዋሪ ሁሉ ኩፓት ሖሊም ከሚባሉት የጤና መድን ድርጅቶች በአንዱ ይታቀፋል፤ የዳሌና የጉልበት ቅየራም በሕዝብ መድን የሚሸፈን ነው። ሐኪሙ ከፈቀደ ቶፌስ 17 የሚባለው የክፍያ ዋስትና ደብዳቤ ይወጣል፣ ቀጠሮ ይያዛል። «ሽማግሌ ነህና አይገባህም» የሚል መስኮት የለም። መዘግየቱ፣ መመላለሱ፣ ደብዳቤው በዕብራይስጥ መምጣቱ ግን ሰውን ተስፋ ያስቆርጣል፤ ቀጠሮው ሲያልፍ አረጋዊው ፈቃደኛ እንዳልሆኑ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ቀዶው ልሻገር። የዳሌ መገጣጠሚያ በሙቀጫ ውስጥ እንደሚዞር ዘነዘና ነው፤ የጭን አጥንት ክብ ራስ በዳሌው አጥንት ጉድጓድ ውስጥ ይሽከረከራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልስልስ ሽፋን ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ጋር ይፋተጋል። ብዙዎቻችን ይህን ብርድ ነው፣ ቁርጥማት ነው ብለን እንተወዋለን፤ ወጌሻ ጋ ሄደን እንታሻለን። መታሸቱ ጡንቻውን ያላላ ይሆናል፤ ያለቀውን ሽፋን ግን አይመልሰውም።

የዛሬው የዳሌ ቅየራ መሠረቱ የተጣለው እንግሊዝ ውስጥ፣ ራይቲንግተን በሚባል ሆስፒታል ነው። ጆን ቻርንሊ የተባለ ቀዶ ሐኪም በመጀመሪያ ጉድጓዱን በቴፍሎን ሠርቶ ነበር፤ ቴፍሎኑ በጥቂት ዓመታት እየተፈቀፈቀ በሕመምተኞቹ ላይ ጉዳት አደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1962 ግን ከብረት ግንድ ጋር ጠንካራ ፖሊኤቲሊን ተጠቀመና ተሳካለት። በኋላ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ይህን ሥራ የምዕተ ዓመቱ ቀዶ ሕክምና ብሎ የሚያወድስ ጽሑፍ አወጣ። በሥራዬ የማየው ይህን ውዳሴ አያስተባብልም፤ ለዓመታት በሥቃይ ሳይተኛ ያደረ ሰው ከቀዶው በሳምንታት ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሲተኛ አያለሁ።

በዕድሜ ላይ ያለንን ግምት የሚገለብጥ አንድ ነገር አለ። ሰው ሠራሽ ዳሌ ዘላለማዊ አይደለም። በ2019 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው ከ100 ሰው ሠራሽ ዳሌ 58 ገደማው 25 ዓመት ይቆያል። በብሪታንያ መረጃ ላይ የተሠራና በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከሰባ ዓመት በኋላ የተቀየረለት ሰው በሕይወት ዘመኑ እንደገና መቀየር የሚያስፈልገው ከ100 ሰው 5 ገደማው ብቻ መሆኑን፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ የተቀየረለት ወንድ ግን እስከ 35 እንደሚደርስ አሳየ። አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚበቃው ለአረጋዊው ነው ማለት ነው።

አደጋው የለም አልልም። በእንግሊዝና በዌልስ ዳሌያቸው ከተቀየረላቸው ሰዎች በ90 ቀን ውስጥ የሚሞቱት በ2003 ከ1,000 ሰው 6 ገደማ ነበሩ፤ በ2011 ወደ 3 ወረደ። ይህ የሁሉም ዕድሜ ድምር ነው፤ ልብ፣ ኩላሊት ወይም ሳንባ የደከመ አረጋዊ ላይ ቁጥሩ ከፍ ይላል። የደም መርጋት አለ፤ ኢንፌክሽን አለ። ጉልበት ላይ ደግሞ በአምስት ሰው አንዱ በውጤቱ ሙሉ በሙሉ አይረካም፤ ይህን ሐኪሙ አስቀድሞ ሊናገር ይገባል። ለአረጋዊ ከሁሉ የምፈራለት ከማደንዘዣው በኋላ የሚመጣው መቃዠት ነው። ሌሊት የት እንዳሉ ይጠፋባቸዋል፤ በአማርኛ ይጣራሉ፤ ተረኛዋ ነርስ አትሰማቸውም፤ ሲጮሁ ታውከዋል ተብሎ መድኃኒት ይጨመራል። መነጽራቸውና የጆሮ ማዳመጫቸው አጠገባቸው ቢሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች የሚያውቁት ሰው አብሯቸው ቢያድር፣ ብዙው ይቀላል። አብረዋቸው የሚያድሩ ልጆችን በተራ መድቡ እላለሁ።

ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሁለት ነገሮችንም እንለያቸው። ያለቀ ዳሌ ጊዜ ይሰጣል፤ የተሰበረ ዳሌ አይሰጥም። ወድቆ ዳሌው የተሰበረ አረጋዊ ካልታከመ በአልጋ ላይ ይቀራል፤ ጀርባው ይቆስላል፣ ሳንባው ይታመማል፣ ልብሱን በለወጡለት ቁጥር ይጮሃል። ስለዚህ የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር ሆስፒታሎችን ከሚመዝንባቸው መለኪያዎች አንዱ ስልሳ አምስት ዓመት ያለፈው ሰው ዳሌው ሲሰበር በ48 ሰዓት ውስጥ ቀዶ መደረጉ ነው። እንደ ስብራቱ ቦታ ወይ በብረት ይያያዛል፣ ወይ የአጥንቱ ክብ ራስ ብቻ ይቀየራል፣ ወይ ሙሉው ይቀየራል። በዘጠና አምስት ዓመትም ቢሆን ይህ ቀዶ በመጀመሪያ ደረጃ የሥቃይ ማስታገሻ ነው። የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ እናት አንዱን ዳሌ በ95 ዓመታቸው በ1995 አስቀየሩ፤ በ1998 ወድቀው ሌላው ተሰበረና በ97 ዓመታቸው እሱም ተቀየረ፤ እስከ 2002 ድረስ 101 ዓመት ኖሩ። እሳቸውን የሚደግፍ ብዙ ሰው ነበር፤ ያንንም አንርሳ።

ሆኖም በስብራት ጊዜም «አይሆንም» ማለት ትክክል የሚሆንበት አለ። ሆላንድ ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፣ ከመሰበራቸው በፊትም በጣም የደከሙ 172 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት በ2022 ታተመ። ለእነሱና ለቤተሰቦቻቸው ሁለቱም መንገድ በግልጽ ተነገራቸው፤ 88ቱ ያለ ቀዶ በማስታገሻ መታከምን መረጡ። አብዛኞቹ በወሩ ውስጥ ሞቱ። የቀረው የኑሯቸው ሁኔታ ግን ቀዶ ከተደረገላቸው የከፋ አልነበረም፤ ቤተሰቦቻቸውም በሕክምናው ረክተው ነበር። በጥንካሬና በድካም መካከል ያለውን ልዩነት ለመመዘን በካናዳ ኬኔት ሮክዉድና ባልደረቦቹ በ2005 ያወጡት፣ ዛሬ ዘጠኝ ደረጃ ያለው መለኪያ አለ። ሐኪሙ የሚጠይቀው ሰውዬው ስንት ዓመት እንደኖረ ሳይሆን ከመታመሙ ከሁለት ሳምንት በፊት ምን ይሠራ እንደነበር ነው። ገበያ ይሄድ ነበር? ልብሱን ራሱ ይለብስ ነበር? ለእኔ ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው።

ይህን ስል ወደ ራሳችን ጉዳይ ደርሻለሁ። የእኛ፣ ከኢትዮጵያ የመጣነው የቤተ እስራኤል አረጋውያን የዕድሜ ነገር ከሌላው ሕዝብ የተለየ ነው። ጎንደር ገጠር ውስጥ የልደት ወረቀት አልነበረም። ሰው የሚቆጥረው በጣሊያን ዘመን፣ በጃንሆይ ከስደት መመለስ፣ በረሃቡ ዘመን ነው። እዚህ ስንደርስ ጸሐፊው በግምት ዓመት ጻፈ፤ ለብዙዎች የጻፈው ከእውነተኛው የራቀ ነው። መታወቂያው ሰባ ስምንት የሚላቸው እናት ሰማንያ ስድስት፣ ሰማንያ አምስት የሚላቸው አባት ሰባ ዘጠኝ ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ባለ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ሰውን ከቀዶ መከልከልም፣ ለቀዶ ማጣደፍም እንዴት ይቻላል? በሰማንያዎቹ ውስጥ ካሉት ብዙዎቹ ደግሞ በ1984 በአርባዎቹ ዕድሜ ልጅ አዝለው ሱዳን በእግራቸው የገቡት ናቸው። በዚያ መንገድና በካምፖቹ 4,000 ገደማ ወገኖቻችን ቀርተዋል። ያንን መንገድ የተሻገረ ጉልበት ዛሬ የፔታህ ቲክቫን ደረጃ መውጣት ሲያቅተው፣ ሊጠየቅ የሚገባው ምን እንዲመለስለት እንደሚፈልግ ነው።

የምክክሩን ክፍል አንድ ጊዜ ቀረብ ብለን እንየው። አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ገብተዋል። ሐኪሙ በዕብራይስጥ ሥቃዩ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት እንደሆነ ይጠይቃል። ልጁ ዞሮ «እማዬ፣ እንዴት ነሽ ይልሻል» ይላቸዋል። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ልጁ በዕብራይስጥ «ብሴደር»፣ ደህና ነው፣ ይላል። ሐኪሙም ይጽፋል። እኒሁ እናት ውጭ ኮሪደሩ ላይ፣ ሌሊት ተጋድመው መተኛት ካቃታቸው ወራት እንዳለፈና ወንበር ላይ ተቀምጠው እንደሚያድሩ ነገሩኝ። ከዚህ ይበልጥ የሚያንገበግባቸው ሌላ ነገር ነበር። «ለቅሶ መድረስ ካቃተኝ ምን ሰው ነኝ?» አሉኝ። አውቶቡስ ላይ መውጣት ስለማይችሉ የእኅታቸው ባል ሲሞት አልሄዱም ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ የዋሸ ሰው አልነበረም። እናት ለእንግዳ እንደሚገባ በምስጋና መለሱ፤ ልጅ የሰማውን ተረጎመ፤ ሐኪም የተባለውን ጻፈ። የቀዶው ጥያቄ ግን እሳቸው ጋ ሳይደርስ ቀረ።

የ1996ቱ የሕመምተኞች መብት ሕግ ሐኪም መረጃውን ሕመምተኛው በሚገባ ሊረዳው በሚችል መንገድ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በ2011 ያወጣው መመሪያ ደግሞ የጤና ተቋማት በቋንቋና በባህል ተደራሽ እንዲሆኑ አዘዘ፤ በስልክ የሚሰጥ የአማርኛ ትርጉምም አለ። ጠይቁት፤ መብት እንጂ ውለታ አይደለም። ልጅ ለእናቱ ቢተረጉም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ግን ይፈራል። መርዶ በድንገት እንደማይነገር ሁሉ «ልትሞቺ ትችያለሽ» የሚለውን ቃል ለእናቱ አይተረጉምም፤ ይዘለዋል፤ ወይም ለሥራው ስለቸኮለ ያሳጥረዋል። አንዳንዴ ደግሞ ልጆቹ ተማክረው ውሳኔውን ጨርሰው ይመጣሉ፤ አረጋዊው የሚሰሙት የቀዶውን ቀን ብቻ ነው። እውነቱን ከአባቶች መደበቅ ለእነሱ ማሰብ እንደሆነ አድርገን ያደግን ብዙዎች ነን። እኔ ግን ሱዳንን የተሻገረ ሰው እውነትን መሸከም አያቅተውም እላለሁ።

አንድ የማይነገር ነገርም አለ፤ ከቀዶው በኋላ ያለው ኑሮ። እንደ ቀዶው መንገድ ቢለያይም፣ ብዙ ጊዜ ለሳምንታት ዳሌን ከቀጥታ ማዕዘን በላይ ማጠፍ ይከለከላል፤ አዲሱ መገጣጠሚያ ሊወልቅ ይችላልና። ለእኛ እናቶች ይህ ምን ማለት ነው? በርጩማ የለም ማለት ነው። ረከቦቱ ፊት ዝቅ ብሎ ቡና ማፍላት፣ ጎንበስ ብሎ ፍሙን መቆስቆስ ለጊዜው የለም። ይህን በዕብራይስጥ በታተመ ሥዕል ብቻ አሳይተው የሰደዷቸው እናት ቤታቸው እንግዳ ሲመጣ በርጩማው ላይ ይቀመጣሉ። አስቀድሞ ከተነገራቸው ግን ረከቦቱን ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ያደርጉታል፤ ያደረጉ አውቃለሁ። ቤቱ ስንተኛ ፎቅ ነው? አሳንሰር አለው ወይ? በከተማችን አሮጌ ሕንፃዎች ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ አሉ። እዚህ ፔታህ ቲክቫ እንደ ቤት ሪቭካ ያለ የአረጋውያን ማገገሚያ ሆስፒታል መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ከማገገሚያ መውጫው ቀን ሲደርስ ግን ደረጃውን የሚወጡት ራሳቸው ናቸው። እኔ የማውቀው ብዙው ውድቀት በቀዶ ክፍል ሳይሆን ወደ ቤት በተመለሱበት ሳምንት ላይ ይመጣል፤ እንቅስቃሴው ያማልና ልጆች አዝነው «ይረፉ፣ አይነሡ» ይሏቸዋል፤ ጡንቻው በቀናት ውስጥ ይሟሽሻል።

«በዚህ ዕድሜዬ ልቀደድ?» ብለው እምቢ የሚሉ አባት ቢኖሩ ውሳኔያቸው ይከበር። ሁሉን ሰምተው እምቢ ካሉ ማንም አይወትውታቸው፤ ከዘራ፣ መድኃኒት፣ መርፌ፣ እንቅስቃሴ ይቀርላቸዋል። የዛሬ እምቢታ ለከርሞ አያስርም፤ የፈረመም ሰው ቀዶ ክፍል በር ላይ ሐሳቡን መለወጥ ይችላል። ያለቀ መገጣጠሚያ ይህን ሁሉ ጊዜ ይሰጠናል።

ስብራት ግን እንዳልኳችሁ ጊዜ አይሰጥም። ሌሊት ተወድቆ አምቡላንስ ቤይሊንሰን ሆስፒታል ካደረሰ በኋላ፣ በሥቃይና በማስታገሻ መካከል ሆኖ መመካከር አይቻልም። ስለዚህ በዚህ ሰንበት፣ ቤተሰቡ ባለበት፣ አባትንና እናትን ጠይቋቸው። ብትወድቁ ምን ይደረግላችሁ? ያለ እርዳታ ከምትሠሩት ነገር የትኛውን ማጣት አትፈልጉም? አፋችሁ ቢያዝ ማን ይናገርላችሁ? መልሱን የጤና መድኑ ሐኪም ፋይል ውስጥ በዕብራይስጥ አስጽፉት። አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ፤ ከአባቶችና ከእናቶች እንጀምር።